መሪጌታ ከስተዋል አሉ

ሚዛን ላይ ወጥቶ የማይዋሽ ሰው የለም። ሙሽራ ትዋሻለች፣ ዳኛ ይዋሻል፣ ጾም የማያጓድል ካህንም ይዋሻል። «እኔ አልዋሽም» አልህ? ታዲያ ባለፈው ሚዛን ላይ ስትወጣ ሆድህን ወደ ውስጥ የሳብኸው ለምንድን ነው? ሆድ መሳብ ኪሎ እንደማይቀንስ አንተም ታውቃለህ፣ ሚዛኑም ያውቃል… ግን ሳብህ። አንቺም ብትሆኝ ጫማ ማውለቁ አልበቃ ብሎሽ የጆሮ ጌጥሽን አውልቀሻል።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ እንጀራዬ ሚዛን ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስሁ ጀምሮ ዓባይ ማዶ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጆንያ አንሥቼ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከሚዛን አውርጄ ወፍጮው አፍ ውስጥ እገለብጣለሁ። ጠዋትና ማታ ድልድዩን በሳይክል እሻገራለሁ። ክንዴን ብታየው… ተወው፣ አትየው። ሰርግ ላይ እጅጌ ጉርድ ስለብስ አክስቶቼ «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? እሷ ናት የምትሸከመው» ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሸከመዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ገብቷል። ሃምሳው ማለት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ያየ ሆድ የሚካስበት ወቅት ነው። በዚህ መሐል ሐይቁ ዳር ካለው መናፈሻ ድንኳን ተተክሎ ነጻ የጤና ምርመራ ይሰጣል ተባለ። እናቴ ነጻ ከተባለ ለአስከሬን ምርመራም ቢሆን ትሰለፋለች። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አባቴንና እኔን ከፊት ከፊቷ እየነዳች ወሰደችን።

አባቴን ላስተዋውቅህ። መሪጌታ ናቸው። ድምፃቸው ሲነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ርግቦች ከጣሪያ ይነሣሉ። ፊታቸው የሰለለ፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ እግራቸው የሸንበቆ ያህል ነው። ከአንገት እስከ ጉልበት ያለውን አገር ግን ጋቢያቸው ስለሚሸፍነው ማንም አያውቀውም። ነጭ ጥምጥማቸው ከራሳቸው በላይ ጎልቶ ይታያል። መቋሚያቸውም ከእጃቸው አይለይም። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚያድር ሰው መቋሚያ ዘንግ ብቻ አይደለም፤ ብብት ሥር ገብቶ ገላን የሚሸከም ሦስተኛ እግር ነው። ለእኔም ማኅሌት የሚል ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ ግን «ቆሞ ማደር የማትችል ልጅ» እያለች ታሽሟጥጣለች፣ አንድ ቦታ ረግቼ ስለማላውቅ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት ወጣት ነርስ ነበረች። አባቴ ከነጋቢያቸው፣ ከነጥምጥማቸው ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ እንደ ልማዳቸውም መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ብብታቸው ሥር አስገቡ። ሲስተር «አባቴ፣ ጥምጥሙን ትንሽ…» ብላ ጀመረች። አባቴ አዩዋት። የቀረውን ቃል ዋጠችው። በእርግጥ ማን ይፈርድባታል? በባሕር ዳር ምድር መሪጌታን «ራስዎን ይግለጡ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ቁመታቸውም ከነክብራቸው ተለካ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ምንም አልታየኝም። ካህን መቋሚያ ሲደገፍ ማየት ለእኔ ዓሣ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ እንደ ማየት ነው።

ከዚያ ሲስተር ቢኤምአይ የሚሉትን አወጣች። ነገሩ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፤ ክብደትህን በሜትር ለተለካው ቁመትህ ታካፍላለህ፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለቁመትህ ታካፍላለህ። የሚተርፈው ቁጥር «ከስቷል»፣ «ደህና ነው»፣ «ወፍሯል»፣ «እጅግ ወፍሯል» እያለ ይመድብሃል። እኛ ጤፉን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እንደምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ ጤፉ አይከፋውም።

አባቴ «ከስቷል» ወጣላቸው። ሲስተርም በትሕትና፣ ክብደትዎ ከቁመትዎ ጋር አልሄደም፣ ጊዜው ሃምሳው ስለሆነ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይብሉ አለቻቸው። አባቴ በሕይወታቸው ሐኪም የተናገረውን እንዲህ በጥሞና ሲያዳምጡ አይቼ አላውቅም።

እኔ «ወፍራለች» ወጣልኝ። ቅባት ቀንሽ፣ ጣፋጭ ተዪ፣ እንቅስቃሴ ጨምሪ ተባልሁ። እንቅስቃሴ! ቀኑን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ውዬ ምን ልጨምር? ወፍጮውን ነቅዬ ልሸከመው?

እናቴ ቤት የሐኪም ቃል ከአዋጅ ይበልጣል። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ ከእኔ ፊት ቅቤው ተነሥቶ ወደ አባቴ ፊት ተሻገረ። በነጋታው ሥጋው ተከተለው። እኔ ዘይት የሸተተው ጎመን ቀረበልኝ። «ጎመን በጤና» ብሎ የተረተው ሰው፣ እመነኝ፣ ጆንያ አንሥቶ አያውቅም። «እማዬ፣ እራበኝ» ስል «ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል» ትለኛለች፤ አባቴም ጉርሻውን እየጠቀለሉ «ለጤናሽ ነው ልጄ» ይላሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ ከልባቸው ነው።

ነገሩ በእኛ ቤት ቢቀር ጥሩ ነበር። «መሪጌታ ከስተዋል አሉ» የሚለው ወሬ ከግቢያችን ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ «ሐኪም ተስፋ ቆርጦባቸዋል» ሆኖ ነበር። የሰበካው ሰው ደነገጠ። ከመራዊ ነጭ ማር በቅል መጣ። ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ መጣ። ለስላሳ በሳጥን መጣ። ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጣ አንድ ምእመን ያጠመደውን ተሸክሞ መጥቶ «መሪጌታን አንቀብርም» ብሎ ምሎ ሄደ። አባቴ የመጣውን ሁሉ አንዱንም ሳያሳፍሩ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው እያሉ በሉ። በዳቦ ማር፣ በማር ዳቦ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ። እኔ ከዳር ሆኜ እመለከታለሁ… ላለው ይጨመርለታል የተባለው እንዲህ ቁልጭ ብሎ ታይቶኝ አያውቅም።

እስከዚህ ድረስ እስቅ ነበር። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

መጀመሪያ ውኃው ነው። አባቴ ጆጉን ጨርሰው ሌላ ይጠይቃሉ። ከጠጡ ደግሞ ወዲያው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከዚያ ድካሙ መጣ፤ ድጓ እያስተማሩ ተማሪዎቻቸው ፊት እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። በመጨረሻ ማኅሌት አቋርጠው ወጡ። ይህ ለአንተ ምንም ላይመስልህ ይችላል። አባቴ ግን ወባ እያንቀጠቀጣቸው ማኅሌት ያላቋረጡ ሰው ናቸው። የወጡት ለሽንት ነበር፤ ተመልሰው ገብተውም አሁንም ወጡ። እናቴ ይህን ስትሰማ ያገኘችው መድኃኒት አንድ ነው፤ አቅም አንሷቸው ነው ብላ ማሩን ጨመረች።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ነኝ። አንዲት አሮጊት ጤፋቸውን በጆንያ ይዘው መጡ። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ በሚዛን ጉዳይ ጥበበኛ ናቸው። ጆንያውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ፊቴን ዘወር ሳደርግ ጠጋ አድርገው ግድግዳው ላይ ያስደግፉታል። ግድግዳው ከተሸከመ ሚዛኑ ይቀልላል፣ ሚዛኑ ከቀለለ የማስፈጫው ሒሳብ ይቀልላል።

«እማማ» አልኋቸው፣ «ጆንያው ግድግዳ ነክቷል።»

«ምን አለበት ልጄ፣ ደክሞት ነው ቢደገፍ።»

ልስቅ አፌን ከፍቼ እንደ ከፈትሁ ቀረሁ። ደክሞት ነው ቢደገፍ… አባቴ ታዩኝ። ሚዛኑ ላይ፣ መቋሚያቸው ብብታቸው ሥር፣ ግማሽ ገላቸው መሬት ላይ! ደግሞ ከላይ ያ ጥምጥም፣ የሌላቸውን ቁመት ሲጨምርላቸው! ከታች የቀነሰ፣ ከላይ ያስረዘመ… እንዲህ ተለክቶ ሰው ካልከሳ ማን ይከሳል? የወፍጮ ቤቱን ባለቤት መጣሁ አልሁትና ከነዱቄቴ ሳይክሌ ላይ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ባጃጆች «ቀስ!» እያሉ ጡሩንባ ነፉብኝ። ቀስ አላልሁም።

አባቴ የማር ሳህን ፊታቸው ቀርቦ አገኘኋቸው። አንድን ነገር አለዝቤ መናገር አልተፈጠረልኝም፤ ከበሩ ጀመርሁ።

«አባባ፣ እርስዎ አልከሱም።»

«ያለችው ሐኪሟ ናት።»

«ሐኪሟ የመዘነችው ግማሽዎን ነው። ሌላውን ግማሽ መቋሚያው ይዞልዎት ነበር። ቁመቱንም ከነጥምጥምዎ ነው የለካችው።»

አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ዋሸሁ ወይ አሉ፤ መቋሚያዎን ያኑሩ ያለኝ ማን ነው አሉ፤ እንኳን ሐኪም ጳጳስም እንዲህ አላለኝ አሉ። እንደገና እንመዘን ብዬ ስጨምር «ለኪሎ ብዬ ሰው ፊት ራሴን ልገልጥ? ሞቼ ነው» ብለው ማንኪያቸውን አነሡ።

ልጮህ ነበር። እጮሃለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ ግን የእኔ አይመስልም።

«አባባ፣ ፈርቻለሁ» አልሁ። «ቅቤው አይደለም፤ ውኃው ነው ያስፈራኝ። ማክሰኝት ያሉት አጎቴ እግራቸውን ያጡት እንዲህ ጀምሯቸው ነው።»

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ስኳር ነው እግራቸውን ያስቆረጣቸው። እናቴ መጥታ የማሩን ሳህን አነሣችው፤ አባቴም አልከለከሏትም። ማንኪያውን እንደ ያዙ «እዚያ መጋረጃ አላቸው?» አሉ።

ሲስተር ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድን። መጋረጃ የለም። ሲስተር በሩን ዘጋች፤ እኔና እናቴ የአባቴን ጋቢ ግራና ቀኝ ይዘን ወጠርነውና ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን። ጥምጥሙ ይፈታ ጀመር። የጨርቁ ብዛት! ተፈትቶ፣ ተፈትቶ አላልቅ አለ። መቋሚያው ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሚዛኑ ጠቅ አለ፣ ሲስተርም ደግማ አየች።

ክብደታቸው ወጣ፣ ቁመታቸው ወረደ፤ «ከስቷል» የተባሉት ሰውዬ ከእኔ ጋር አንድ ምድብ ገቡ። ጥምጥማቸውን መልሰው እኛም ፊታችንን ካዞርን በኋላ የልብስ ሰፊ ዓይነት ሜትር ወገባቸው ላይ ሲዞር ደግሞ ጋቢው ስንት ዓመት የሸሸገው ቦርጭ አደባባይ ወጣ። እጅና እግር ቀጥኖ ሁሉም ነገር ሆድ ላይ ተሰብስቧል። ሲስተር ጣታቸውን ወግታ ደም ወሰደች፣ ሌላም ምርመራ ጨመረች። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሲስተር ያኔ ሳልጠይቅዎ ማለፌ ጥፋቴ ነው አለች፤ አባቴም በዓይኔ የተቆጣሁሽ እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን ተሻሟት። ደግነቱ ሳይብስ ተደርሶበታል፣ መድኃኒት አለው፣ ምግብና እግር ጉዞም ይረዳዋል አለችን። እኔ ግን ያን ቁጥሯን አልለቅቀው አልሁ። ይኼ ቢኤምአይ የምትሉት ታዲያ ምን ይጠቅማል ብዬ ተጣላኋት። አልተቆጣችም።

«ቁጥሩ በር ያንኳኳል እንጂ ቤት ገብቶ አያይም» አለችኝ። «የማነው ቤት፣ ውስጡ ምን አለ የሚለውን ገብተን የምናየው እኛ ነን። ግን በደንብ ለክተነው ቢሆን ኖሮ፣ አባትሽ ቤት ያኔውኑ ያንኳኳ ነበር።»

ቀጥላ ሜትሩን ወደ እኔ አዞረችው። ወገቤን ለካች፣ የደም ግፊቴን አየች፣ ሥራዬን ጠየቀች፣ በመጨረሻም ክንዴን ጨበጠችና ሳቀች። የእኔ ክብደት ጡንቻ እንደሚበዛው፣ ሚዛን ደግሞ ጡንቻና ስብ እንደማይለይ ነገረችን። በዚህ ግን ብዙ አትኩራሪ፣ ጆንያ ማንሣት ስታቆሚ ቁጥሩ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል ብላ አስጠነቀቀችኝ። እናቴ ላደረሰችብኝ የጎመን ግፍ ይቅርታ አልጠየቀችም። የዚያን ቀን ራት ላይ ግን ወጡን ስትጨልፍ እጇ እኔ ጋ ሲደርስ ከበደ።

አሁን አባቴ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ማታ ማታ ሐይቁን ተከትለን እንሄዳለን፤ እሳቸው በመቋሚያ፣ እኔ ሳይክሌን እየገፋሁ። ከዛፍ ሥር ያረፉ ሰዎች ብድግ ብለው «መሪጌታ፣ ምነው ከሱ?» ይሏቸዋል፤ አሁን እውነትም ቀነስ ብለዋል። አባቴም ጠያቂው «ማር ላምጣልዎ» ሳይል «ተመስገን በል» ይሉታል።

በቀጠሯቸው ቀን ደግሞ ማንም ሳይለምናቸው መቋሚያቸውን ለእኔ፣ ጋቢያቸውን ለእናቴ ሰጥተው ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት። እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍሁ። ሲስተር ስኳሩ ወርዷል ስትላቸው ሰማሁ፤ እናቴ ውጭ ሆና እልል ልትል ስትል አፏን ያዝሁት። ቀጥሎ ሚዛኑ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ርግብ የሚያስነሣው ሳይሆን የለሰለሰው፣ እንዲህ ሲል መጣ።

«ሲስተር፣ ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶች አሉኝ፤ እነሱንም ላውልቃቸው?»