አንድ መልስ ይበቃል

(ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ እማማ ብርሀንነሽ ቤት በሚያወጣው ዳገት ላይ። ሁለት የአጎት ልጆች ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል። የኋላሸት የሥነ ልቦና ተማሪ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከፋሲካ ወዲህ የመንደሩን ሰው ደስታ ከአንድ እስከ አምስት በሚመለስ መጠይቅ ሲያጠና ከርሟል። ዓባይነህ ገበሬ ነው፤ መንገድ እየመራ ቦርሳ ይሸከምለታል። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የኋላሸት ማለዳ ከከተማ ከእናቱ ቤት ከወጣ ወዲህ እህል ባፉ አልዞረም፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። ቀበቶውን ብቻ አንድ ቀዳዳ ጠበቅ አድርጎታል።)

የኋላሸት፦ ሦስት ነው አልኩህ እኮ። «ምንም አይልም» ማለት ሦስት ነው። መሃል ላይ ነው።

ዓባይነህ፦ አያ አድማሴ «ምንም አይልም» ያሉ ዕለት በሬያቸው ገደል ገብቶ ነበር።

የኋላሸት፦ ይግባ። እኔ የምጽፈው የተናገሩትን ነው።

ዓባይነህ፦ ልጃቸውን የዳሩ ዕለትም «ምንም አይልም» ብለዋል። ሲጨፍሩ ጋቢያቸው ወድቆ እኔ ነኝ ያነሣሁላቸው። ያም ሦስት ነው?

የኋላሸት፦ ያም ሦስት ነው።

ዓባይነህ፦ በሬው ገደል የገባበትና ልጁን የዳረ እኩል ነው ማለት ነው።

የኋላሸት፦ ኧረ ተወኝ። ደግሞስ ምን ያጨቃጭቀናል? መጨረሻ ላይ አያ አድማሴም «አምስት በለው» ብለውኛል። ሁሉም አምስት ነው ያለው። እኔን የገደለኝም እሱ ነው።

ዓባይነህ፦ አምስት ትልቁ አይደለም እንዴ? «በኑሮዬ እጅግ በጣም ደስተኛ ነኝ» ማለት ነው ብለህ አልነበር?

የኋላሸት፦ ነው።

ዓባይነህ፦ ታዲያ አገር ምድሩ ደስ ብሎት አንተ ምነው ከፋህ?

የኋላሸት፦ አማካሪ መምህሬ ትናንት በስልክ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «መደበኛ ልይይትህ ዜሮ ነው» አለኝ።

ዓባይነህ፦ (ደንግጦ) እንዲህ ብሎ ሰደበህ?

የኋላሸት፦ ስድብ አይደለም። ልይይት ማለት የሰዎቹ መልስ ምን ያህል እንደሚበላለጥ የሚለካበት ነው። የገብስ ማሳህን አስበው። አንዱ ረዘም ይላል፣ አንዱ አጠር ይላል። ዜሮ ሲሆን ግን ሁሉም ቁመቱ እኩል ነው ማለት ነው።

ዓባይነህ፦ እኩል ከበቀለማ ጥሩ ገብስ ነው። አጨዳ አያስቸግርም።

የኋላሸት፦ እንደዚያ የበቀለ ገብስ አይተህ ታውቃለህ?

ዓባይነህ፦ ሥዕል ላይ አይቻለሁ።

የኋላሸት፦ መምህሬም ያለኝ ይህንኑ ነው። «የአንድ መንደር ሰው ልቡ እንዲህ እኩል አይሆንም፤ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ አንተው ሞልተኸዋል» አለኝ። እስከ ነገ ወይ ሌላ መልስ ካላመጣሁ፣ ወይ እውነት መሆኑን ካላስረዳሁ ዘንድሮ አልመረቅም። እናቴ እኮ ጌሾውን ወቅጣ ጨርሳለች።

(ከምረቃው ይልቅ የጌሾው ነገር ዓባይነህን ነካው። አዝኖ ከኪሱ የገብስ ቆሎ ዘገነ። ዛሬ ጠዋት የተቆላ ነው፤ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበታል።)

ዓባይነህ፦ እንካ፣ ቆርጠም ቆርጠም አድርግ።

የኋላሸት፦ ተወው፣ በልቻለሁ።

ዓባይነህ፦ እሺ። (ቆሎውን ወደ ኪሱ መለሰው።)

(የኋላሸት ዓይኑን ከዓባይነህ ኪስ መንቀል አልቻለም። ድሮ ባደገበት ወግ እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ባለቤት «በሞቴ» ይል ነበር፤ እንግዳው ደግሞ እንቢ ሲል «አፈር ስሆን» ይባልና ከዚያ ነው እጅ የሚዘረጋው። ዘንድሮ ግን አገሩን ምን እንደነካው አልገባውም። ሆዱ ጮኸ። በሳል ሸፈነው።)

የኋላሸት፦ ይልቅ ያንተ ነገር የት ደረሰ? የመቅደላዊት ጉዳይ።

ዓባይነህ፦ እሱማ ተዘጋ። ሽማግሌ ላክሁ፤ «እስቲ ዘመድ እናማክር» ብለው መለሷቸው።

የኋላሸት፦ ከዚያስ?

ዓባይነህ፦ ሽማግሌዎቹ «ደግመን እንሂድ» ሲሉኝ እኔ ተዉት አልኳቸው። አንተ የመጣህ ሰሞን ነበር። በየቤቱ ያን ወረቀትህን ስታነብ ሰማሁህ። «ማንም አይገደድም፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ መልስ ይበቃል» ስትል። የተማረ ሰው ያለው ነው አልኩና ቆረጥኩ። ሰው ከመለሰ መለሰ።

የኋላሸት፦ (ደረቱን ነፋ አድርጎ) ጎበዝ። ይህ የጥናት ሥነ ምግባር ይባላል። እኛ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው የተማርነው፤ አንተ እርፍ ጨብጠህ ገባህ።

ዓባይነህ፦ ገባኝ። እንቅልፍ ግን አጣሁ።

የኋላሸት፦ እሱ ሌላ ተለዋዋጭ ነው። ከዚህ ጋር አይያያዝም።

ዓባይነህ፦ አሁን የምንሄደው የማን ቤት እንደሆነ ግን አልረሳኸውም? እማማ ብርሀንነሽ የመቅደላዊት አያት ናቸው።

የኋላሸት፦ ምን ቸገረህ። አንተ ቦርሳ ይዘህ ነው የምትቆመው። ና፣ እንነሣ።

(ደረሱ። እማማ ብርሀንነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከውስጥ የድንች ቅቅል ይሸታል። የኋላሸት ምራቁን ዋጠ።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ ግቡ፣ ግቡ። ደግሞ መጣህ ልጄ? ባለፈው ያልኩህ አልተጻፈም?

የኋላሸት፦ ተጽፏል እማማ። እንደ አዲስ ልጠይቅዎ ነው። አስቀድሜ ግን ይህን ላንብብልዎ። «በዚህ ጥናት መሳተፍ በፈቃድ ነው። ማንም አይገደድም። አንድ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ይበቃል፤ ደግመው አይጠየቁም።»

እማማ ብርሀንነሽ፦ ታዲያ ለምን ደግመህ መጣህ?

ዓባይነህ፦ እኔም ልለው ነበር።

የኋላሸት፦ (ዓባይነህን ገላምጦ) በኑሮዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት እማማ? ከአንድ እስከ አምስት።

እማማ ብርሀንነሽ፦ ተመስገን ነው። ትልቁ ስንት ነበር?

የኋላሸት፦ አምስት።

እማማ ብርሀንነሽ፦ አምስት አርግልኝ። ካነሰ እግዜርም ይቀየማል።

(የኋላሸት ጻፈ። እማማ ገብተው በሰፌድ ድንች ይዘው ወጡ። አንዱ ልጣጩ ተሰንጥቆ ይተናል፤ በጎኑ አረንጓዴ ዳጣ አለ።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ እስቲ ቅመሱ።

የኋላሸት፦ አይ፣ አይልፉ እማማ። በልቼ ነው የወጣሁት።

እማማ ብርሀንነሽ፦ እሺ። (ሰፌዱን ከፊቱ አነሡት።) አንተስ ዓባይነህ?

ዓባይነህ፦ እኔም በልቻለሁ።

እማማ ብርሀንነሽ፦ ምን በልተህ? በሞቴ። አፈር ስሆን። ይቺን ብቻ። (ሁለት ድንች በመዳፉ አስጨበጡት።)

ዓባይነህ፦ ኧረ ይበቃኛል እማማ። (አፉ ሞልቷል።)

(የኋላሸት እስክሪብቶውን አስቀመጠ።)

የኋላሸት፦ እማማ፣ ለሱ «በሞቴ» አሉት። ለኔ «እሺ» አሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ በየቤቱ እንዲሁ ነው። ምን በድያችሁ ነው?

እማማ ብርሀንነሽ፦ ኧረ ምን በድለህ። አንተው አይደለህ ወረቀቱን ያነበብክልን? ማንም አይገደድም፣ አንድ መልስ ይበቃል ስትል አገሩ ተነጋገረ። «የተማረ ልጅ ነው፣ ምናልባት ጨጓራም አለበት፣ አታስጨንቁት» ተባባልን። ጎረቤቴ ዝናሽማ ዶሮ ሠርታልህ «በልቻለሁ» ብለህ የወጣህ ዕለት አልቅሳለች አሉ።

የኋላሸት፦ ያ ድስት ዶሮ ነበር?

ዓባይነህ፦ ዶሮ ነበር። ያንተ እንቁላል ለኔ ደረሰኝ።

የኋላሸት፦ አንተ በየቤቱ ስትበላ ነው የከረምከው?

ዓባይነህ፦ ለኔ ወረቀት አልተነበበልኝማ። አብሽር ግን፣ አማካይ ያልከኝን አልረሳሁትም። እኔ ስድስት ጊዜ ብበላ፣ አንተ ምንም ባትበላ፣ ለየራሳችን ሦስት ሦስት ይደርሰናል። ጠግበናል ማለት ነው።

(የኋላሸት አልሰማውም። የሞላውን ወረቀት ትክ ብሎ ያያል።)

የኋላሸት፦ እኔ ሳልበላ «በልቻለሁ» እላለሁ። እናንተ ደግሞ «አምስት» ትላላችሁ።

ዓባይነህ፦ እንዴ፣ ያው አይደል? ይህንን አታውቅም ነበር?

የኋላሸት፦ አንተ ታውቅ ነበር?

ዓባይነህ፦ ማን አያውቅም። አንተ ግን «የተናገሩትን ነው የምጽፈው» አልክ። እኔ ቦርሳ ያዥ ነኝ።

የኋላሸት፦ ታዲያ እውነተኛው መልስ በምን ይገኛል?

ዓባይነህ፦ እንደ ድንቹ ነዋ።

የኋላሸት፦ አይሆንም። በጥናት ዘዴው ምዕራፍ ላይ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? «መረጃው የተሰበሰበው በሞቴ እያሉ ነው» ልል? መልስ ሰጪን መጎትጎት መልሱን ያዛባዋል።

ዓባይነህ፦ አለመጎትጎቱስ ምን አደረገው?

(የኋላሸት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ እማማ ጠጋ አለ።)

የኋላሸት፦ እማማ፣ ወረቀቱን ትቼዋለሁ። እንዲያው እንዴት ነዎት?

እማማ ብርሀንነሽ፦ ተመስገን።

የኋላሸት፦ በሞቴ።

እማማ ብርሀንነሽ፦ ኧረ ምን ጎድሎብኝ።

የኋላሸት፦ አፈር ስሆን እማማ።

(እማማ ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው አስተካከሉ።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ እንዲያ ካልክማ ሁለት ነኝ። ጣሪያው በምሰሶው በኩል ያፈሳል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዬን እየጎተትኩ ነው የማድረው። ዝናሽ ዶሮዋ ጓሮዬን ጭራ ክፉ ቃል ከተነጋገርን ወዲህ እሳት ልትጭር እንኳ አትመጣም። ድምፅዋን በአጥር በኩል እየሰማሁ እውላለሁ። ለአንተ የታረደችውም ያቺው ዶሮ ናት፤ እርቅ ግን አልሆነችም።

የኋላሸት፦ ይህን ልጻፈው እማማ? ይፈቅዱልኛል?

እማማ ብርሀንነሽ፦ ጻፈው። ስሜን ግን ተወው። ደግሞ ይሄ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት የልጅቱን ነገር ነው።

የኋላሸት፦ የመቅደላዊትን?

እማማ ብርሀንነሽ፦ ሰው ሽማግሌ ላከብን። ደግ ልጅ ነው፤ ዘገምተኛ ነው እንጂ ደግ ነው። «ዘመድ እናማክር» አልን። መቼስ በመጀመሪያው ቀን «ውሰዷት» አይባል። ጠላ ጠምቀን ጠበቅን፤ አልመጡም። ደግመን ጠመቅን፤ እሱንም ጎረቤት ጠጣው።

(ዓባይነህ ድንቹን መዋጥም መትፋትም አቃተው።)

ዓባይነህ፦ እማማ፣ እንቢ ያላችሁኝ መስሎኝ ነው።

እማማ ብርሀንነሽ፦ እንቢ መቼ አልን?

ዓባይነህ፦ አንድ መልስ ይበቃል ሲባል ሰምቼ።

እማማ ብርሀንነሽ፦ እሱ ለጥናት ነው። ትዳር ጥናት ነው እንዴ? ለድንች ጊዜ ወጉን ታውቀዋለህ፤ ለሚስት ጊዜ ጠፋህ?

ዓባይነህ፦ (ቀስ ብሎ) መቅደላዊትስ? ዘመድ ይቆይና እሷ ራሷ ምን ትላለች?

እማማ ብርሀንነሽ፦ እሷማ በመጀመሪያው ቀን ተማክራ ጨርሳለች።

(ዓባይነህ ብድግ አለ። በአንድ እጁ ድንች፣ በአንድ እጁ ቦርሳ ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ቆመ። የኋላሸት ሳቁ አመለጠው።)

የኋላሸት፦ የሰው «አምስት» ለወጉ እንደሆነ ማን አያውቅም ስትለኝ አልነበር? ለራስህ የተሰጠህን «ዘመድ እናማክር» ግን ሳታውቀው ከረምክ።

ዓባይነህ፦ «ጎበዝ፣ ገባህ» ያለኝ ማን ሆነና?

የኋላሸት፦ እሱስ እውነት ነው። ቆይ፣ ለመምህሬ ልደውል። (ደወለ።) ሄሎ መምህር። አዎ፣ የኋላሸት ነኝ። እኔ አልሞላሁትም መምህር፣ ሰዎቹ ናቸው የመለሱት። ግን ይሉኝታ ነው። የመጀመሪያው መልስ ለወጉ ነው የሚሰጠው፤ እኔ ደግሞ ጥያቄዬን እዚያው ላይ አቆምኩት። አዎ። አዎ መምህር። እግዜር ይስጥልኝ። ኧረ አይ፣ አያስፈልግም፣ ይበቃኛል። እሺ መምህር።

(ስልኩን አወረደው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ ምን አለህ?

የኋላሸት፦ አመነኝ። «ይኸው ራሱ ግኝት ነው» አለኝ። ከዚያ «ሰዎቹን ተመልሰህ በደንብ እንድታነጋግር ሁለት ሳምንት ልጨምርልህ?» አለኝ።

ዓባይነህ፦ አንተስ?

የኋላሸት፦ አያስፈልግም፣ ይበቃኛል አልኩት።

ዓባይነህ፦ እሱስ?

የኋላሸት፦ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

(ከአጥሩ ማዶ የዝናሽ ድምፅ ይሰማል፤ ጫጩት ትጠራለች።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ ሰውየው አገሩ የት ነው?

የኋላሸት፦ ወግዲ፣ እዚሁ ጎረቤታችን።

እማማ ብርሀንነሽ፦ ወግዲ ከሆነማ አብሽር። ይደውላል።

(ሰፌዱን መልሰው ከፊቱ አስቀመጡት። ዓባይነህ ቦርሳውን ደጃፉ ላይ ጥሎ ሽማግሌዎቹን ፍለጋ ቁልቁለቱን ይሮጣል። ስልኩ ጠራ። የኋላሸት ሁለት እጁን እኩል ዘረጋ፤ አንዱን ወደ ስልኩ፣ አንዱን ወደ ድንቹ። እማማ ሁለቱንም ያዙት።)

እማማ ብርሀንነሽ፦ ቀስ። በመጀመሪያው ጥሪ አይነሣም ልጄ፤ የራበው ያስመስላል።