ጌታሁን ቅባት የገባ ጊዜ

በእኛ አገር እንጀራን ያህል ሥራ የበዛበት ፍጡር የለም። ምግብ መሆኑ ሳያንሰው ደመወዝም ነው፤ ደመወዝ መሆኑ ሳያንሰው ዘመድም ነው፤ የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ ልጅ እያልን ልባችን ያልወደደውን ሁሉ በእሱ ስም እንጠራለን። ስለዚህ አንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ከመኝታው ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ ትቻለሁ» ቢላችሁ፣ «ከሥራ አባረሩህ እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው። ጌታሁንን ግን ማንም አላባረረውም። ባሌ የሸሸው መርፌ ነው።

ስኳር ካለበት ስድስት ዓመቱ ነው፤ በክኒን ይዞት ኖሯል። የገና በዓል ሊደርስ ሲል የምትከታተለው ሐኪም ውጤቱን አየችና «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ኢንሱሊን እንጀምራለን» አለችው። ጌታሁን እኮ በልጅነቱ ክትባት መጣ ሲባል የትምህርት ቤት አጥር ዘሎ የጠፋ ሰው ነው! አሁን የሚዘለው አጥር ቢያጣ ስልኩ ውስጥ ገባ። እዚያም ክንዱ እንደ ዳቦ የተነፋ አንድ ወጣት «ዳቦ ጠላታችሁ ነው፣ ቅባት ብሉ» ሲል አገኘውና አመነው።

እኛ በትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ» ብለን የሸመደድነው ምግብ ሁሉ፣ እንጀራው፣ ድንቹ፣ ቂጣው፣ ቤቴ ውስጥ በአንድ ጧት ወንጀለኛ ሆነ። ሌላው ሰው ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለጥቂት ቀን ቅበላ ይበላል፤ የጌታሁን ቅበላ ከገና ማግስት ጀምሮ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ክትፎ ያለ ቆጮ፣ እንቁላል በቅቤ፣ ዓይብ በቅቤ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አቮካዶ በዘይት እያጠቀሰ ያዝናል። የእሱን ድርሻ እንጀራ ማን በላው አትሉኝም? እንጀራ መጣል ነውር ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለጠላትም አይስጥ። ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ትንፋሹ የጥፍር ቀለም የማስለቅቅበትን አሴቶን ይሸታል፤ መጸዳጃ ቤት ከገባ ደግሞ ሽማግሌ ካልተላከበት አይወጣም። ነገር ግን ሐሰት አልናገርም፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ፋርማሲ ሄዶ ሲለካም ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ላየው የደብር አለቃ የተሾመ ይመስል ነበር። እኔም በልቤ፣ ይኸ ሰው ሊረታኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የንስሐ አባታችን ቤት መጡ። ጎጃም ተወልደው እዚያው ቅኔ የተቀኙ፣ ወደ እኛ ሰፈር ወደ ቀራንዮም አርጅተው የመጡ ደግ ሰው ናቸው። ጌታሁን የሐሳቡ መጨረሻ በጾሙም ቅቤውን እንዲፈቅዱለት መለመን ነበር። አነጋገሩን ግን አላሰበበትም። ቅባት ማለት ለእኔና ለእሱ ቅቤና ዘይት ነው፤ ለጎጃም ቄስ ግን ሊቃውንቱን ስንት ዘመን ያከራከረ የሃይማኖት ወገን ስም ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው?

«አባቴ፣ እኔ እንኳ ቅባት ከገባሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ» አላቸው።

አፋቸው ሊደርስ የነበረው የውኃ ብርጭቆ መንገድ ላይ ቆመ።

«ምን አልህ ልጄ?»

«ቅባት። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ኋላ ይለመዳል።»

«ማን ነው ያስተማረህ?»

«አንድ ልጅ ነው፣ በስልክ። ተከታዩ ብዙ ነው።»

«እዚሁ እኛ ሰፈር?»

«ኧረ አባቴ፣ ያልገባበት የለም!»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ሆኗል። «ባለቤትህስ?»

«እሷማ እንቢ ብላ በእንጀራዋ ጸናች።»

«ትጽና!» አሉ፣ መስቀላቸውን ጨብጠው።

እኔ ነገሩ ገብቶኝ ሳቄን በነጠላዬ አፍኛለሁ። ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው?

«ወድቀሃል ልጄ» አሉት በኀዘን።

«አንዴ ብቻ ነው የወደቅሁት» አለ ጌታሁን፣ ደንግጦ እያየኝ። «ማን ነገረዎት? አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ላብ አጠመቀኝና ወደቅሁ። አንዲት ባለሱቅ ለስላሳ አፌ ውስጥ አፍስሳልኝ ተነሣሁ።»

ሳቄ እዚያው ደረቀ።

«ክኒኑንስ?» አልሁት።

«እንደ በፊቱ ነው። ጧትና ማታ።»

እኔ የክኒን ማሸጊያ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ። የስድስት ሳምንት ቅቤ ስቆጥርበት ያቺን ወረቀት ረስቻት ነበር። ክኒኑ የሚያወርደው ስኳር ሲያጣ ሰውየውን አወረደው።

ለአባታችን ነገሩን አስረዳኋቸው። መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ከዚያ ኮስተር አሉ። «ለእኔ የነገርኸኝን ለሐኪሟ ነግረሃታል?»

«ቀጠሮዬ አልደረሰም» አለ ጌታሁን።

«እንግዲያው ንስሐህ እርሷ ዘንድ ነው። ስለ ጾሙ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

በማግሥቱ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሄድን። ስኳሩ ወርዷል፤ መርፌው ቀረለት። ማዞሪያ ላይ ስለ መውደቁ ግን ሐኪሟ የተቆጣችውን ቁጣ እናቱም አልተቆጣችው፤ ክኒኑንም በግማሽ ቀነሰችለት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ገለጠችና «የደም ቅባትዎ ከፍ ብሏል» አለች። ደሙም ገብቶበታል ማለት ነው! ምክሯም ጥቂት እንጀራ፣ ብዙ ጎመን፣ ምስር፣ ዘይቱን ቀነስ፣ ቅቤውን ለፋሲካ ማቆየት ሆነ።

«ይኸ እኮ እኔ በየጾሙ የምሠራው ነው!» አልሁ፣ ድል ባደረገ ሰው ድምፅ።

ሐኪሟም ድምፄን ሰምታ፣ አየት አድርጋኝ፣ ዓይኗን ወገቤ ላይ አቆይታ «እርስዎስ እናቴ፣ ተለክተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

በሕይወቴ ተለክቼ አላውቅም። ጣቴን ወጋችኝ። መርፌውን የፈራው እሱ፣ የተወጋሁት እኔ። «ስኳሩ ውስጥ ገና አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ነዎት» ብላ አዲስ ካርድ ጻፈችልኝ፤ ስድስት ሳምንት የሁለት ሰው እንጀራ ለበላ ሰው ይኸም ምሕረት ነው።

ጌታሁን እስክንወጣ ድረስ ጨዋ ሆኖ ቆየ። በሩ ላይ ስንደርስ ካርዴን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ ድምፁን እንደ አባታችን አወፍሮ፣ «ትጽና!» አለ።