ክቡር ሊቀ ብቅልና አስራ አንደኛው ጠመቃ

«ልዩነቱ አይታወቅም» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የሲሚንቶውንም፣ የመድኃኒቱንም፣ የሳሙናውንም ምትክ ያውቃል፤ የሚሞክረው ግን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ላይ ነው። ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ የደረሱት ጎረቤት ደግሞ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ፣ ቤታቸው ውስጥ ቢራ የሚጠምቁ፣ በሰፈሩ አጠራር ክቡር ሊቀ ብቅል።

ድሮ የአንድ ፋብሪካ ብቅል ብቻ ነበር የሚያውቁት። እሳቸው ያፈላሉ፣ ባለቤታቸው ይቀምሳሉ። ባለፈው ዓመት ፋብሪካውም ተዘጋ፣ ባለቤታቸውም አረፉ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጣዕም በሌሎች ፋብሪካዎች ብቅል ካልመለስኩ ብለው ቤታቸውን በጆንያ ሞሉት፤ የቀማሽነቱ ጣጣም ልብስ ሰፊው ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ቢራ የከሰል ውሃ ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሯል!»

«ጆንያው ላይ ያለው ስም ያው ነው! ልዩነቱ አይታወቅም።»

ስሙስ ያው ነበር። አዲሱ ፋብሪካ ግን በዚያ ስም የሚሸጠውን ብቅል አጥብቆ ይቆላዋል፤ ምን ያህል እንደተቆላ የሚያሳየውንም የቀለም ቁጥር ከስሙ ሥር ጽፎታል። ሊቀ ብቅል ስሙን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ሁለተኛው ቢራ ውሃ ውሃ አለ። ሦስተኛው በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን ሰብሮ ፈነዳና የአንድ ሙሽራ ነጭ ሱፍ ላይ ተረጨ። ሙሽራው ያለውን ባናነሳው ይሻላል።

አስራ አንደኛው ላይ ልብስ ሰፊው ተስፋ ቆረጠ። ከድሮው ብቅል የተጠመቀች አንዲት ጠርሙስ ስፌት መኪናው ሥር ደብቆ ነበር፤ ባለቤታቸው በእጃቸው የሰጡት ናት። ዋናውን ቢቀምሱ ጣዕሙን አገኘሁት ብለው ያርፉ ይሆናል አለና፣ «ያው የአስራ አንደኛው ነው» ብሎ ቀዳላቸው።

ሊቀ ብቅል ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው «አልሆነም» ብለው ጻፉ።

«ምኑ ነው ያልሆነው፣ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ተቃርቧል፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። እሷ ብትኖር ወዲያው ትነግረኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊው አሁን ገባው። እኚህ ሰው ከየትም ፋብሪካ ብቅል ቢያመጡ ያንን ጣዕም አያገኙትም። እውነቱን መናገሩን ተወው። የራሱን ብርጭቆ አነሳ።

«ጋሼ፣ አንድ አዲስ የብቅል ፋብሪካ ተከፍቷል አሉ። የእነሱን ብንሞክርስ?»

ሊቀ ብቅል ቀና አሉ። «ስሙ ያው ነው?»

«ያው ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ልዩነቱ አይታወቅም።»