ልብስ ሰፊዋ እመቤት ስድስቱን ቁጥሮች እንደ ጠበቁ

የሕንጻው አሳንሰር በተበላሸ በሦስተኛው ዓመት፣ መቀስ የሚታዘዛቸው፣ ዚፕ የሚሰግድላቸው፣ የሰፋውን አጥባቢ የጠበበውንም አስፊ የሆኑት እመት መርፌ በምድር ቤቱ ሱቅ በጥቁሯ የስፌት መኪናቸው ላይ በነገሡ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ አንዲትን ሙሽራ አቁመው የቀሚሷን ጫፍ ሲቀመቅሙ ሳለ ስልካቸው ጮኸች።

ደዋዩም ድምፁ ማር፣ ንግግሩ ቅቤ የሆነ ሰው ነበረ። ከባንኩ የደኅንነት ክፍል ነኝ አለ፤ ሙሉ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ፎቅ አሳምሮ ጠራ፤ በዚህች ሰዓት ሌቦች በካርድዎ ዕቃ እየገዙ ነውና አሁን በስልክዎ የሚገቡትን ስድስት ቁጥሮች ያንብቡልኝ፣ እኔም አግዳቸዋለሁ አለ። ቁጥሮቹም ወዲያው ገቡ።

ሶቤሃ፣ በዚያች ቅጽበት፣ እመቤቲቱ የቀሚሱን ጫፍ ለቀው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዚያ ካርድ ያለው ገንዘብ ለባላቸው ለጡረተኛው ሹፌር የዓይን ቀዶ ሕክምና ሦስት ዓመት ሙሉ ከክርና ከቁልፍ የተለቀመ ነበረና፤ ቀጠሮውም ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበረና። እሱም ሞራ ዓይኑን ስለ ጋረደው ጥግ ተቀምጦ ቁልፎችን በጣቱ እየዳሰሰ ይለይ ነበር። እመቤቲቱም መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ታሪክ አይደበቅምና እንጽፋለን፦ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሰባትንና አራትን፣ በአፋቸው አወጡ።

ደዋዩ ግን ቸኮለ። ቶሎ ይበሉ አለ፤ ይህን ነገር ለማንም፣ ለባለቤትዎም ጭምር፣ እንዳይናገሩ አለ። በዚህም ተሳሳተ። እመት መርፌ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ከጫማ ዋጋ በቀር ከባላቸው የደበቁት ነገር አልነበረምና፣ ከባሌ የሚያስደብቅ ባንክ ምን ዓይነት ባንክ ነው ብለው በልባቸው ጠየቁ። አንገታቸውንም ቀና አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ፣ አንተ ፊትህ የማይታይ! የቀሩትን አራቱን በእግሬ ይዤልህ እመጣለሁ። ባንክ ከሆንክ በርህ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ።»

ስልኩንም ዘጉ።

ወእምዝ ዘመቻው ተነሣ። ከፊት ነገሩን ሰምታ የደረሰች የባላቸው እኅት፣ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ የታጠቀች፤ በመካከል እመቤቲቱ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፤ ባላቸውም እጁን በትከሻቸው ላይ ጭኖ፤ በስተኋላ ሙሽራዪቱ፣ ቀሚሷን ለማውለቅ ጊዜ አጥታ፣ ኀምሳ ስፒል በጫፉ እንደ ተሰካ፣ በተራመደች ቁጥር እየተወጋችና ቀስ በሉ እያለች። የባንኩም ዘበኛ ጃንጥላዋን በር ላይ ማረከ።

ጉንፋን የያዛት የባንክ ሠራተኛም ነገሩን ሰማች፤ ሒሳቡን አየች፤ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ካርዱን አገደች፤ እኛ በስልክ ደውለን የምስጢር ቁጥር አንጠይቅም አለች። አሮጌው የካርድዎ ምስጢር ቁጥር ሰው የሚገምተው ነበረ ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ የሠርጋችን ዓመተ ምሕረት ነበረ፣ ማንም አይገምተውም፣ አሉ። ባላቸውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓመቱ ከሠርግ ፎቷቸው ሥር በወርቅ ቀለም ተጽፎ ሱቁ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ አሳሰበ። ሠራተኛዋ ሳለች፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልታወቀም።

አዲሱንም ቁጥር ሲመርጡ በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑት፤ ዓይኑ የማያይለትን ባላቸውን ሳይቀር ፊትህን አዙር ብለው አዘዙ። እሱም አዞረ።

ወደ ሱቅ በተመለሱ ጊዜ ሁለተኛው አዋጅ ታወጀ፦

«በስልክ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው! የተጠራጠረ ስልኩን ዘግቶ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ራሱ ይደውል! የባንክ ወረቀት ሳይቀደድ አይጣል! ያ ፎቶም ይውረድ!»

በዘጠነኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ፋሻው ሲነሣ ሹፌሩ መጀመሪያ ያየው የእመቤቲቱን ሽበት ነበረ፤ ብዙ አየና ፈገግ አለ። ወደ ቤት ሲመለሱም እጁን ከትከሻቸው አላወረደም፤ መንገዱ አሁን እየታየውም።

እነሆ፣ ከአንበሳ ጋር የታገሉ ብዙዎች ናቸው፤ ማር ከሚያንጠባጥብ አንደበት ራሳቸውን ያዳኑ ግን ጥቂቶች። ለእመት መርፌ፣ ለስድስቱ ቁጥሮች ጠባቂ፣ እውነቱ ይጻፍ ከተባለ ለአራቱ፣ ክብር ይሁን፤ ክራቸው አይበጠስ፣ መቀሳቸው አይደንዝ። ጸሐፌ ዜና የታላላቆችን የልደት ቀን መመዝገብ ልማዱ ነው፤ የእሳቸውን ግን አልመዘገብንም፣ ሌባ ይጠቀምበታል ብለው ከልክለውናልና። የባላቸው እኅት ግን፣ ሌባው ከመደወሉም በፊት አይናገሩትም ነበር ትላለች።