ከኮሚቴው ጋር የቀረችው ሙዳይ

ብልህ ሰው ሥራ የሚለቀው ሲፈለግ ነው ይባላል። ሲሰለቹት አይደለም፤ ሲያባርሩትማ ጭራሽ አይደለም። አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ብልህ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ አሥራ አራቱን ከሐረር ሸኝቻለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን የሽኝት ኮሚቴ እኔ ነኛ! ሰብሳቢውም አባሉም። ፈላና በር ወርጄ ከስፌት ሻጯ ከአዴ ሐሊማ የስጦታ ሙዳይ እገዛለሁ፣ ንግግር አደርጋለሁ፣ ተሸኚውን ሸዋ በር ድረስ ወስጄ ሚኒባስ አሳፍራለሁ። ረዳቱ «ድሬ! ድሬ!» እያለ ሲጣራ ሆዴ አብሮ ይሳፈራል።

አምና እኔም ተፈለግሁ። አዳማ ያለ አንድ ድርጅት በተሻለ የሥራ መደብ ጠራኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አነበበና ክው አለ፤ መነጽሩን አወለቀ። የልፋቴ ዋጋ ዛሬ ገና ታወቀ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«አንተማ አትሄድም» አለኝ። «አንተ ከሄድክ ሽኝቱን ማን ያዘጋጃል?»

ደብዳቤዬን መልሼ ተቀብዬ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ኮራሁ።

አዴ ሐሊማ ቤት ግድግዳው ላይ አንዲት ቀይ ሙዳይ አለች። ለአንድ ሊሄድ ላሰበ ሰው ናት ብዬ እንዳይሸጧት ከለመንኳቸው ዓመታት አልፈዋል። ትናንት ለአሥራ አምስተኛው ተሸኚ ልገዛ ስሄድ፣ አቧራዋን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣

«ልጄ፣ ይቺን ያስያዝክለት ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«በቅርቡ ነው፣ አዴ» አልኳቸው። «ኮሚቴው እየመከረበት ነው።»