ቤተሰብ የሚለው ክፍት ቦታ

ብቻውን የሚኖር ሰው ከዕቃ ጋር ማውራት ይጀምራል። እናንተ ባለትዳሮች ይህን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ፣ ግድ የለኝም። እኔ ከማንቆርቆሪያዬ ጋር አወራለሁ፣ ከቬንትሌተሬ ጋር እጣላለሁ (ሸዋ ሮቢት እየኖረ ከቬንትሌተር ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ፣ ትናንት ከደብረ ሲና የወረደ መሆን አለበት)፣ ከኮምፒውተሬ ጋር ደግሞ ስነታረክ እውላለሁ። ከሦስቱ የሚመልስልኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። እሱም ያዘዝኩትን ነው የሚመልሰው።

እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ አስተምራለሁ። ሰፈሩ «መምህር» ይለኛል፤ ስሜ ያለው የቤት ኪራይ ውሉና የእድሩ መዝገብ ላይ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። አንድ ትእዛዝ ለብዙ ዓይነት ፍጥረት ይሰጣል፣ ሁሉም እንደየተፈጥሮው ይመልሳል። «ድምፅ አሰማ» ሲባል ውሻው ይጮኻል፣ አህያው ያናፋል፤ አዛዡ የትኛው ውሻ የትኛው አህያ እንደሆነ መለየት አይጠበቅበትም። ይህ ፖሊሞርፊዝም ይባላል። ተማሪዎቼ ስሙን ሸምድደው ነገሩን ይረሱታል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ነገሩ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጋሽ ተክሌ ነው።

ጋሽ ተክሌ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ከየት እንደመጡ እንኳ በቅጡ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ጥሩምባቸውን ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። ጥሩምባው አንድ ነው፤ እሳቸው ግን በየደጁ ሌላ ሰው ናቸው። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሰይድ ሶላት ላይ ከሆኑ ደጃቸው ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እትዬ ዘሃራ የደም ግፊት አለባቸውና፣ እሳቸው ደጅ ሲደርሱ መጀመሪያ «እስቲ ውኃ አምጪልኝ» ይላሉ፤ ውኃው ሲመጣ መልሰው እትዬ ዘሃራን ያጠጡና ከዚያ ነው መርዶውን የሚናገሩት። የእኔ ደጅ ሲደርሱ ደግሞ ይገባሉ። የሞተውን በአንድ ቃል ይነግሩኝና ስለ ማሾው አዝመራ፣ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያወሩ ይቆያሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሰው ቤቴ የሚገባው ሰው ሲሞት ነበር። አንዳንዴ ወሩ ያለ ለቅሶ ሲያልፍ ቅር ይለኝ እንደነበር ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ይህን ነገር በገዛ እጄ ያፈረስኩት እኔው ነኝ። የጋሽ ተክሌ ጉልበት ሲደክም ሐጂ ሰይድ «መምህር፣ በስልክ የሚሆን ነገር ሥራልን» አሉኝ። ሠራሁ። ዳኛው የሟቹን ስምና የቤተሰቡን ስም ሞልተው አንዲት ቁልፍ ሲነኩ፣ መርዶው በአባላቱ ሁሉ ስልክ ይደርሳል። ቤተሰብ ለሌለው ሰውም አስቤያለሁ፤ እንዲያውም መጀመሪያ የጻፍኩት የእሱን ነው። የሟቹን ስም ብቻ የሚቀበል አንድ «አሳውቅ» የሚባል ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ቀጥዬ ስምና ቤተሰብ የሚቀበል ሌላ «አሳውቅ» ጻፍኩ። በተማርኩበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በጃቫ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ሞክሼዎች ተቻችለው ይኖራሉ፤ የሰጠኸውን ቆጥሮ የሚስማማውን ይጠራልሃል። ያን ጊዜ የጻፍኩት ግን በፓይተን ነው። ፓይተን በአንድ ስም የሚያውቀው የመጨረሻውን ነው። ሁለተኛውን ስትጽፍ የፊተኛውን ይተካዋል፤ «ይህ ስም ተይዟል» አይል፣ አያስጠነቅቅ፣ ዝም ነው። ለተማሪዎቼ ይህን በሰሌዳ ጽፌ አስተምራለሁ። በራሴ ሥራ ላይ ረሳሁት። የሞከርኩትም ባለቤተሰቦቹን ብቻ ነበር።

ጋሽ ተክሌ ጥሩምባውን ለሐጂ ሰይድ ባስረከቡ ማግስት ወደ እኔ መጡ። ማንም ሳይሞት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ያ ያንተ ማሽን» አሉ በሩ ላይ ቆመው፣ «እንደኔ ያለውን፣ ማንም የሌለውን፣ ያውቀዋል?»

«ለእርስዎና ለእኔማ ለብቻ ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ። አያስቡ።»

«እንግዲያ ደኅና» ብለው ሄዱ። ይግቡ አላልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ የሚያዞራቸው ነገር ስላልነበረ ከቤት አይወጡም ነበር፣ እኔም አልሄድኩም። ስምንት ወር።

ማሾ በሚለቀምበት ሰሞን አንድ ማለዳ ጋሽ ተክሌ ተኝተው ሳይነሡ ቀሩ። ሐጂ ሰይድ ስማቸውን ጻፉ፣ የቤተሰብ ቦታውን ባዶ ተዉት፣ ቁልፉን ነኩ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ስድስት ሰዓት ላይ እኔን ከክፍል አስጠሩኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሐጂ ሰይድና ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ተቀምጠዋል።

«ሰው የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እኔም አንተን ልጠይቅ ነው። ነክቼዋለሁ። እንዲያውም እንደሌላው ጊዜ አይደለም፣ በቀይ ነው የጻፈው። አየህ፣ ለተክሌ ማሽኑም አዘነ ብዬ ነበር።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ቀዩ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ «ቤተሰብ የሚለው አልተሰጠኝም» ነው የሚለው። ለማንም አልተላከም። እኒያን ሁሉ ዓመታት ለሰው ሁሉ ሲለፍፉ የኖሩት ሰው መርዶ እኔ ኮድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። አፈርኩ። ለሐጂ ሰይድ ላስረዳ ብሞክር እጃቸውን አወዛወዙብኝ።

«ተወው፣ ሰዉ አዝመራ ላይ ነው፣ ስልኩንም አይሰማው። ይኸው ጥሩምባው። ሂድ።»

ጥሩምባ ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስነፋው የታመመ ፍየል ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ደጅ የእትዬ ዘሃራ ነበር። እንደ ማሽኔ አንዱን ዐረፍተ ነገር ይዤ ሄጄ «ጋሽ ተክሌ አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት» አልኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ነው ውኃው ትዝ ያለኝ። ሮጬ ከማሰሮ ቀድቼ አጠጣኋቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ቀና ሲሉ፣ «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ና፣ አብሬህ ልዙር።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠላቸውን ተከናንበው ፊት ፊት እየሄዱ፣ «እዚህ አትንፋ፣ አራስ አለች»፣ «እዚህ ጮክ በል»፣ «እዚህ እኔ ልግባ» እያሉ በየደጁ አደረሱኝ፤ ከዚያም እስከ ማሾው ማሳ ድረስ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በሰው ሞልቶ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰዉ ሊያጽናና ድንኳን ገባ። ማንን ያጽናና? ለጋሽ ተክሌ ከፊት የሚቀመጥ ሐዘንተኛ የላቸውም። ሰዉ ዙሪያውን አየ። ጥሩምባውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ። ከኋላቸው ያሉት ቀጠሉ። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለኝ ሌላው፤ አንዱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ አለፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ የአንገት ሰላምታ ብቻ የምንሰጣጣ ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን የቀማኋቸው፣ የዋሸኋቸው፣ ይግቡ ያላልኳቸው ሰው ሐዘንተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። አይደለሁም ማለት ይገባኝ ነበር። አላልኩም። አለቀስኩ።

ኮዱን በማግስቱ አስተካከልኩ። በፓይተን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱን አንድ ታደርግና፣ የቤተሰብ ቦታው ባዶ ከሆነ በምን እንደሚሞላ አስቀድመህ ትነግረዋለህ። «ሰፈሩ» ብዬ ጻፍኩበት። ሳይላክ በራሴ ስም ሞከርኩት። ስሜ ወጣ፣ ቤተሰብ በሚለው ትይዩ «ሰፈሩ» አለ። ሠራ። ይህን ለሰው ልንገር ብዬ ዞር ስል ማንቆርቆሪያው ነው ያለው።

ተነሣሁ። ጥሩምባውን ግድግዳው ላይ ትቼ ሄጄ የእትዬ ዘሃራን በር አንኳኳሁ። ሲከፍቱና እኔን ሲያዩ በሩን ደገፍ አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ገቡና፣ ለእኔ በርጩማ፣ ለራሳቸው ውኃ ይዘው ወጡ። ውኃውን ጠጥተው ጨረሱና፣ «በል አሁን ተናገር» አሉኝ።