ትከሻ የሆነችው መኪናዬ

መኪና የሌለው ሰው ያለበት ችግር አንድ ነው፤ መኪና የለውም። የባለ መኪና ችግር ግን ተዘርዝሮ አያልቅም። ይህን ስላችሁ በእግራችሁ የምትሄዱ ወገኖቼ «ይህንን ችግር ለእኔ ባደረገው» ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አላጣሁትም። ደብረ ብርሃን በእግሬ እየተመላለስኩ በማስተምርበት ዘመን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ባለ መኪና ስለ መኪናው ሲያማርር ስሰማ፣ ሚስቴ በጣም ቆንጆ ሆና ተቸገርኩ የሚል ሰው የሰማሁ ያህል ይገርመኝ ነበር። ይኸው ዛሬ እኔም ከአማራሪዎቹ ተርታ ገብቻለሁ።

የከተማው ባለ መኪና የሚያማርረው በነዳጅ ሰልፍ፣ በማቆሚያ ቦታና በትራፊክ ፖሊስ ነው። እኛ መንዝ ደጋ ላይ ያለነው ከእነዚህ ሁሉ ነጻ ነን። ማቆሚያ እንደሆነ ሜዳው ሁሉ ማቆሚያ ነው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ እዚህ መኪና የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ቁልፉ በእርግጥ የእኔ ኪስ ውስጥ ነው። ነገር ግን ማለዳ ተነስቼ ወደ ዘመሮ ከተማ ልወርድ ሞተር ሳስነሳ፣ ድምፁን የሰማ ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ ከየጓሮው ብቅ ይላል። «መምህር፣ ቦታ አለህ ወይ?» የሚለኝ ሰው የለም። «የት ላድርገው?» ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ዘመሮ ደርሼ ኋላዋን ብከፍት፣ መቼ እንደተጫነ ያላየሁት በግ ታስሮ ቆሞ ያየኛል። ግራ ገብቶኝ ዞር ስል ባለቤቱ በአቋራጭ በእግሩ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ ዱላውን ተደግፎ እየጠበቀን ነው። «ምነው ዘገያችሁ?» አለኝ።

እንግዲህ መንገዳችንም መኪናዬም ምን ዓይነት እንደሆኑ ከዚህ ይገባችኋል። መኪናዬ አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ናት። እናቴ ብቻዋን እያረጀች ነው ብዬ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ስመጣ፣ ይዣት መጣሁ። ከዚያ በፊት በቀበሌያችን መኪና አልነበረም። ከዚያ በኋላም፣ በክረምት፣ ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

አገሬ በገባሁ ሰሞን ክብር የሰጠኝ የቃሬዛ ማኅበሩ ነው። በሁለት የባህር ዛፍ አጣና መሐል ጠፍር የተወጠረበት ቃሬዛ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሰው ሲታመም ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣና በሽተኛውን ተሸክሞ፣ አምቡላንስ ከሚደርስበት ትልቁ መንገድ ያደርሳል። የማኅበሩ መዋጮ ትከሻ ነው፤ ሌላ የለውም። ሰብሳቢው ጋሼ ወልደየስ ለአባልነት ስቀርብ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከበስተኋላዬ የቆመችውን ፒካፕ አዩ።

«የመምህሩ ትከሻ ይቺ ትሁን» አሉ።

ማኅበሩም አጸደቀ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! እንደ ሌላው ሰው በጭቃ ከመንሸራተት መዳኔ ብቻ አይደለም፤ አራት ጎማና አንድ ስኮርታ ያለው ትከሻ በአገሩ ከእኔ ሌላ የማን ነበር? በጋውን በሙሉ ትከሻዬ ሠራ። የታመመውን ሁሉ በጋቢናዬ አስተኝቼ አደረስኩ። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። በሽተኛ ጭኜ ስሄድ ስፖኪዮውን ባየሁ ቁጥር፣ ከሩቅ ከኋላዬ ጥቂት ሰዎች ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ ይታዩኛል። ለጥገና የሚወስዱት ይመስለኝ ነበር። ቃሬዛ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል እንዴ ብዬ ታዝቤ አልፌዋለሁ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ታመመች።

ሌሊቱን ሆዷን ሲቆርጣት አድሮ ጠዋት ተነፍቶ ከበሮ መሰለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ዳሰሰቻትና ወደ ውጭ ጠራችኝ። «አንጀታቸው የታጠፈ ይመስለኛል፤ ዛሬውኑ ኦፕሬሽን ካልሆኑ አይተርፉም» አለችኝ። አምቡላንሱን በስልክ ጠራችው። ከትልቁ መንገድ ወዲህ ግን ጭቃው አያስገባውም፤ እዚያው ሆኖ ይጠብቀናል ተባለ። እናቴን ባና በምንለው የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር አስተኛኋትና ሞተር አስነሳሁ። የሰው ሁሉ እናት ያደረሰች መኪና የእኔን እናት አታደርስም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

መንገዱን የሚያቋርጠው ረግረግ ጋ ስደርስ መኪናዬ ተኛች። ማርሽ ብለውጥ፣ መሪ ብጠመዝዝ፣ ጎማው ጭቃውን ወደ ሰማይ ከመርጨት በቀር ወደፊት አንድ ጋት አልሄደም። ድንጋይ ለቅሜ ከጎማው ሥር ጎሰጎስኩ። ረግረጉ ድንጋዩን ዋጠው። ክሪኩን አውጥቼ ላነሳት ብሞክር ክሪኩንም ዋጠው። ጉሙ ወርዶ ከፊቴ ያለው መንገድ አይታይም፤ ከሞተሩ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል። እናቴ እስከዚያ ድረስ ስታቃስት ነበር። አሁን ዝም አለች። በሩን ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ «እማዬ!» ብዬ እንደ ሕፃን ጮኽኩ።

«አለሁ፤ አትጩህብኝ» አለችኝ በደከመ ድምፅ።

ዞር ብል ከጉሙ ውስጥ ቃሬዛ ይዘው ብቅ አሉ። ከፊት ጋሼ ወልደየስ ናቸው፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ረግረጉንም መኪናዋንም አለፍ ብለው ወደ እናቴ በር መጡ። ልክ እኔ ተሸክሜ ደክሞኝ ተራቸው እንደደረሰ ሁሉ፣ «መምህር፣ ፈቃድህ ከሆነ እኛ እንቀበልህ» አሉኝ።

«እንዴት ሰማችሁ? ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል፣ ከኋላህ ነበርን እኮ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁልጊዜም ከኋላህ ነን። ቅር እንዳይልህ ነው ራቅ የምንለው።»

እንግዲህ አስቡት። በጋውን በሙሉ፣ ያን ሁሉ በሽተኛ ጭኜ ደረቴን ነፍቼ ስነዳ፣ እነዚህ ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው በእግራቸው ተከትለውኛል፤ እንዳደረስኩ አይተው ሥራቸው ተፈትቶ ቤታቸው ተመልሰዋል። ቀጥሎም ሰው ሲታመም እንደገና ተከትለውኛል። አንድም ቀን ቃል አልተነፈሱም። እናቴ በሞት አፋፍ ላይ ባትሆን ኖሮ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

እናቴ በቃሬዛ ላይ ሆነች። እኔም ልጅ ነኝና ዘልዬ ከፊት በኩል ገባሁ። መሸከም ጉልበት ብቻ ይመስላችኋል? አራቱ ሰዎች እግራቸውን እኩል ካላነሱና እኩል ካላሳረፉ ቃሬዛው ይንገጫገጫል፤ በሽተኛው ይሰቃያል። ጥቂት እንደሄድን እናቴ ከላይ «ወይኔ አንጀቴን!» አለች። ጋሼ ወልደየስ ሳይቆሙ «ተካ!» አሉ። አንድ ጎረምሳ ከጎኔ ተንሸራቶ ገባና እኔ ሳላውቀው ትከሻዬ ባዶ ሆነ። ቃሬዛው አልቆመም፤ ዝቅ እንኳ አላለም።

«አንተ ከኋላ ና፤ ጸሎት እያደረግህ» አሉኝ በትሕትና።

ሸለቆውን ወርደን ዳገቱ ላይ ስንደርስ የእኛ ሰዎች ተዳከሙ። ዕለቱ ግን የዘመሮ ገበያ ነው፤ ከየአቅጣጫው ገበያተኛ ይመጣል። ቃሬዛውን ያየ ሁሉ የተሸከመውን መንገድ ዳር አስቀምጦ ይገባል። ማን ነው የታመመው፣ ከየት ናችሁ፣ የሚል የለም። መጀመሪያ ትከሻ ነው፤ ጥያቄው ቀስ ብሎ በመንገድ ይደርሳል። «ተካ!» ይባላል፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። ወደ ኋላ ባይ የቅቤ ቅል፣ የገብስ ጆንያ፣ የሱፍ ጥቅል በየሣሩ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። የሚጠብቀው ሰው የለም፤ የሚነካውም የለም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሙክት የሚጎትት ሰው አገኘን። እንዳየን ወደ እኔ መጣና ገመዱን እጄ ላይ ጣል አድርጎልኝ ከቃሬዛው ሥር ገባ። ባዶ እጁን የሚከተል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አስተዋይ ሰው ነው። ስለዚህ የቀበሌው ባለ መኪና፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የማላውቀውን ሰው ሙክት እየጎተትኩ ከእናቴ ኋላ ተከተልኩ። ጉሙ ሳሳ። ቀና ብዬ አየሁ። እናቴ በማያውቋት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆና ዳገቱን ትወጣለች፤ ባናዋ እንኳ አይወዛወዝም። ቤተ ክርስቲያን ስሜ አድጌያለሁ፣ ብዙ ንግሥ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ኮፍያዬን ያወለቅሁበት ጊዜ የለም። ለምን እንዳወለቅሁትም አላውቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ እኔ ባዶ ራሴን ሙክት ይዤ እሄዳለሁ።

አምቡላንሱ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እናቴ ስትገባ ሰውየው መጥቶ ገመዱን ከእጄ ተቀበለኝ። ገበያው አምልጦታል፤ ፊቱን ወደመጣበት አዙሯል።

«ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ ንገረኝ» አልኩት።

«ያንተ ጉዳይ እናትህ ናት። ግባ፣ አታስቁማቸው» አለኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ሙክት የሚጎትት ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቱን አያለሁ። አላገኘሁትም።

እናቴ ኦፕሬሽን ሆና ዳነች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» አለኝ። ይዣት ስመለስ መኪናዬ ጭቃዋ ታጥቦ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ማኅበሩ በገመድ ጎትቶ አምጥቷት ነው። ቀጥሎ ግን ስብሰባ ተጠራ፤ አንድ ደንብ አጥባቂ አባል ተነስቶ «የመምህሩ ትከሻ በዕለቱ ግዳጁን አልተወጣም» አለ። እውነቱን ነው። ግዳጅ የቀረ ይቀጣል። ጋሼ ወልደየስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀርታ ነው ወይስ ታማ?»

ከዘመሮ የመጣው መካኒክ ፍሪሲዮኗ ተቃጥሏል ብሎኝ ነበር። «ታማ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው የታመመ አባል አይቀጣም፤ ይጠየቃል» ብለው ፈረዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በሙሉ ድፎ ዳቦና ጠላ ይዞ መጣና መኪናዬን ከብቦ ተቀመጠ። ሕመሟን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሲነሱ ጋሼ ወልደየስ ኮፈኗን መታ መታ አድርገው «እግዜር ይማርሽ» አሏት። ይቀልዱ ይሁን ከምራቸው ይሁን ፊታቸውን አይቼ መለየት አልቻልኩም። እኔ ብቻ «አሜን» አልኩላት።

መኪናዬ እስክትድን በራሴ ትከሻ ልግባ ብዬ ለመንኩ። በቁመት የሚተካከለኝ ሰው ተፈልጎ ተጣመርኩ፤ ልምምድም ጀመርን። ለልምምዱ ማን ቃሬዛው ላይ ይተኛ ሲባል እናቴ ስፌቷ እንደጠገገ ራሷ መጥታ ተጋደመች። «ቀኙን ዝቅ አደረግኸው!» ትላለች ከላይ። «አትዝለል፤ ያን ቀን ከአንጀቴ ይልቅ አንተ ነህ የገደልከኝ!» ቀስ በቀስ ስድቡ ቀነሰ። አንድ ቀን ሜዳውን ዞረን ብንመለስ ምንም አላለችም። ባናዋን ገለጥ ብናደርግ ተኝታለች። በሕይወቴ ብዙ ሰርተፊኬት ወስጃለሁ፤ እንደዚህኛው ያስደሰተኝ የለም።

ጥቅምት ላይ መኪናዬ ዳነች። መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ከዘመሮ ባዶዋን እየነዳሁ ስመለስ ከፊት ለፊቴ ቃሬዛ ይመጣል። የሌላ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ እግራቸው የተሰበረ አንድ ሽማግሌ ተሸክመዋል፤ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ጊዜ አላጠፋሁም። ፍሬን ይዤ ጥግ አቆምኩ፣ ቁልፌን ነቅዬ ሮጥኩና «ተካ!» ብዬ ከፊት ገባሁ። እንዲህ ያለ አረማመድ ከዚያ በፊት ተራምጄ አላውቅም። ቃሬዛው እንደ ውኃ ይፈሳል። የሙክቱን ሰውዬ እያሰብኩ፣ እዳዬን በትንሹ የምከፍል እየመሰለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ሸለቆውን ወርደን ዳገቱን ወጣን።

ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ሽማግሌው ከባናው ውስጥ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄ፣ አረማመድህ ደግ ነው። አልቆረቆረኝም።»

«እግዜር ይማርዎት አባቴ።»

«አሜን። ያቺ እታች ትተናት የመጣናት መኪና ግን የማን ናት?»

አራታችንም ቆምን። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ከሸለቆው ማዶ መኪናዬ በፀሐዩ ታብረቀርቃለች።

«የእኔ ናት አባቴ» አልኩ።

«እኛማ ተበላሽታብህ የቆመች መስሎን ነው!» አለ ከጎኔ ያለው ላቡን እየጠረገ። «ደህና መኪና ጥሎ የሚሸከም ሰው አለ እንዴ?»

«አልታመመችም?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አልታመመችም፣ ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነችማ ትቆይሃለች» አሉና አንገታቸውን መልሰው ጣል አደረጉ። «በል ተራመድ።»